አስራ ሁለተኛዋ ድስት

መተማ ዮሐንስ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለአይናዲስ (ባለቤቴ ማለቱን ካልከለከልሽኝ)
አብደራፊ፣ እህትሽ ቤት

እንደምን ከረምሽልኝ አይኔ? ልጃችን እፄስ እንዴት ናት? የወለቀው የፊት ጥርሷ በቀለላት? እንደ ደብዳቤ ወግ «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ግን ደህና አለመሆኔ ማኅተም ተመትቶበት በወረቀት ስለመጣ መዋሸት አልችልም። አትደንግጪ፣ አልጋ ላይ አልወደቅኩም። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ከበያጁ ከአስማረ ጋር በቀን ሁለት ጊዜ እጣላለሁ።

ስልክ ያልደወልኩት ኮርቼ እንዳይመስልሽ። መጀመሪያ ኔትወርኩ ነው ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ሰማዩን ስራገም ከረምኩ። ኋላ የእህትሽ ባል «ኧረ ብሎክ አድርጋሃለች» ብሎ ገላገለኝ። ስለዚህ ይህችን ደብዳቤ ባለ አይሱዙው ወንድዬ ሰሊጥ ሊጭን ወደ እናንተ ሲመጣ ያደርስልኛል። እሱን ብሎክ ማድረግ አትችይም፤ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን እያንባረቀ ሰፈሩን ይሰበስብብሻል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመስከረም ከከተማ የጤና አጥኚዎች መጡና ባትሪ የምንፈታውን፣ ራዲያተር የምንበይደውን፣ ብረት የምናቀልጠውን ሁሉ ሰበሰቡን። ሰውነታችሁ ውስጥ ምን ያህል የብረት መርዝ እንደገባ እንለካለን አሉ። እኔ እንደምታውቂው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሞተ የትራክተር ባትሪ እየፈታሁ፣ እርሳሱን አቅልጬ እንደገና እያፈሰስኩ ነፍስ ስዘራበት የኖርኩ ሰው ነኝ። ከሽንፋ እስከ ገለጉ «ቢሆነኝ ጋ ውሰደው» የሚባልልኝ ሰው መርዝ አለብህ ሲሉኝ ምን ልበል? ሳቅኩባቸው። ወተት እጠጣለሁ አልኳቸው። ጠዋትና ማታ አንዳንድ ኩባያ ወተት እያፈላሽ ስትሰጪኝ የኖርሽው ለዚሁ አይደል? ወተት የባትሪን መርዝ ጠራርጎ ያወጣል የማይል ጋራዥ እስኪ አሳዪኝ።

አሁን ደግሞ ሰው ሳይነግርሽ እኔ ልንገርሽ። ጎረቤታችን እትዬ አሰበች «አንዲት ሱዳናዊት ወደ ቢሆነኝ ግቢ ትመላለሳለች» ብለው አስወርተው እንደሆነ፣ እውነት ነው፣ ትመላለሳለች። ሲስተር ኢኽላስ ትባላለች። ካርቱም የላብራቶሪ ባለሙያ ነበረች፤ ጦርነቱ ሲነሳ በገላባት በኩል ተሻገረች። እናቷ የእኛ አገር ሰው ስለሆኑ አማርኛውን ከዓረብኛው እየቀላቀለች ታንበለብለዋለች። የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ባሏ ደግሞ የበሬን ግንባር በቡጢ የሚያፈርስ የሚመስል ሰው ነው። ትመላለሳለች፤ የምትመጣው ግን መርፌ ይዛ ነው። እንዲህ ያለ ፍቅር አይጣል!

ደም ስትጠይቀኝ ክንዴን ሰጠኋት። ሽንት ስትለኝ እያፈርኩ ሰጠኋት። ጸጉርና ጥፍር ስትለኝ ግን እንዴ! «ጥፍሬን ለማን ልትሰጪብኝ ነው?» አልኳት። እናቴ የቆረጥነውን ጥፍር ጉድጓድ ምሳ ትቀብር እንደነበረ ታውቂያለሽ። ያላገቡ ጎረቤቶች ያሉበት ሰፈር ውስጥ ጥፍሬን በፖስታ አሽጌ ለማላውቀው ሰው እልካለሁ?

«ያ ዞል» አለችኝ፤ አንተ ሰውዬ ማለቷ ነው፤ «ፖስታው ላይ ስምህ አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው።»

ያን ጊዜ ልቤ መለስ አለ። መተት በክርስትና ስም እንጂ በመለያ ቁጥር አይሠራማ። አሥሩንም ጣቴን ዘረጋሁላት።

ውጤቱ በጥቅምት መጣ። ወረቀቱ ላይ ስሙን የማላውቀው ብዙ ነገር ተጽፏል፤ አንድ ቁጥር ግን ፈጦ ይታያል፤ ሃምሳ ሁለት። ከመቶ ሃምሳ ሁለት! ትልቅ ውጤት ባይሆንም ማለፊያ ነው አልኩ። አስማረ የራሱን ሲከፍት አሥራ አንድ። አይኔ፣ ያን ቀን በአስማረ ላይ ያልወረደ ስድብ የለም። «ድሮም ትምህርት አይሆንህም፣ ድገም!» አልኩት። ሻይ ቤት ለተቀመጠው ሁሉ ሻይ ጋበዝኩ። እሱ አንገቱን ደፍቶ «እኔ እኮ ያለ መነጽር ብየዳ ስለምሠራ ዓይኔ ደክሞ ነው» ይላል። እኔ እንደ ታላቅ ወንድም ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጌ አጽናናሁት።

ኢኽላስ ስትመጣ ሻዩን እንደያዝን አገኘችን። ወረቀቴን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። ቁጥሩ በደሜ ውስጥ ያለው እርሳስ ነው አለች፤ ከአምስት ማለፍ አልነበረበትም። ሃምሳ ሁለት! ሻዬን አስቀመጥኩ። አስማረ ግን አልራራልኝም፤ ወረቀቴን ነጥቆ ለሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ወዲህ «ዲግሪያሙ» ነው የሚለኝ።

ጸጉሬ ላይማ ቁጥሩ ከዚያም የባሰ ነበር። እሱን ግን ብዙም አላመነችበትም፤ ጸጉር ላይ ከውጭ ያረፈ አቧራም ይቆጠራል አለች። ይህን ሰምቼ ለምርመራው ዋዜማ በኦሞ ሦስቴ መታጠቤን ነገርኳት። ደምህ ግን በኦሞ አይታጠብም ብላ ሳቀች። ደም ውስጥ ያለው የሰሞኑን ይናገራል፣ የቆየው ግን አጥንት ውስጥ ገብቶ ዓመታት ይቀመጣል አለችኝ። ወተቱንም ጠየቅኳት። «ወተት ጥሩ ነው፣ ለጥጃ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው» አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት የጠጣሁት ወተት በአንድ ቃል ገደል ገባ።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ ልምጣ። መርዙ ሰውን ምን ምን እንደሚያደርግ ስትዘረዝር፣ አይኔ፣ የእኔን ሕይወት ከግድግዳ ኋላ ሆና ስታይ የኖረች መሰለኝ። «ሲስተር፣ በመርዙ ምክንያት ያጠፋሁትን ለይተሽ ጻፊልኝ፤ ለሚስቴ የምልከው ማስረጃ ነው» አልኳት።

«ይሄ ጤና ጣቢያ ነው ወይስ ፍርድ ቤት?» አለች፤ ግን እስክሪብቶ አወጣች።

በትንሽ በትልቁ መጮህ? ሊሆን ይችላል አለች፣ ጻፈች። መርሳት? ጻፈች። ለጥምቀት የእፄን ጫማ ልገዛ ወጥቼ ብሎን ይዤ የተመለስኩት? ትንሽ አመነታችና እሱንም ጻፈችልኝ። ሆድ ቁርጠትና ድርቀት? እሱማ ዋናው ምልክት ነው። አፍ ውስጥ ብረት ብረት ማለት? «መያ መያ» አለች፤ መቶ በመቶ ማለቷ ነው። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አንድ ነገር ጠየቅኳት። አልጋ ላይ ጀርባዬን እየሰጠሁሽ የከረምኩበትን ጉዳይ። እያፈርኩ ነው የምጽፍልሽ፤ እሱም አለበት። አየሽ? አስጠልተሽኝ አልነበረም። አንቺ «ሌላ አለችህ» ስትይኝ እኔም ራሴን ስፈራው ከርሜ ነበር።

ደስ ሲለኝ ጊዜ ቀጠልኩ። ማንኮራፋትስ? አይደለም አለች። በእናትሽ አነጋገር ሰው ፊት መሳለቄስ? አይደለም። ባትሪ ላደርስ ነው እያልኩ አስማረ ጋ ዳማ ስጫወት መዋሌስ? «ያ ዞል፣ እነዚህ ያንተ ናቸው» ብላ ወረቀቱን አጠፈችው። እሺ፣ ሦስቱን ወስጃለሁ። የቀረውን ግን ማኅተም ያለው ወረቀት ስለያዝኩ ይቅር በይኝ።

በተለይ የየካቲቷን ቀን። እህትሽ በእንግድነት መጥታ፣ ዶሮ ወጥ ሠርተሽ፣ አንድ ጉርሻ አድርጌ «ይሄ ወጥ ብረት ብረት ይላል» ያልኩባትን። «ድስቷን የሠራሃት አንተ፣ ብረቱም ያንተው ነው!» ብለሽ ተነሳሽ። በነጋታው ልጄን ይዘሽ ወጣሽ። አይናዲስ፣ ወጥሽ ምንም አልነበረው። ጥፋቱ የምላሴ ነው፤ ለዚህም ማስረጃ አለኝ።

ደግሞ ልንገርሽ፣ እንደምትመለሺ ልቤ ያውቃል። አልጋውን ትተሽ፣ ቴሌቪዥኑን ትተሽ፣ የሠርግ ፎቶአችንን እንኳ ግድግዳ ላይ ትተሽ፣ ይዘሽ የሄድሽው ያችን በእጄ አቅልጬ የሠራሁልሽን ብረት ድስት ነው። ላትመለስ የቆረጠች ሰው ለምን ያችን ከባድ ድስት ተሸክማ ትሄዳለች? ያውም ክዳኗን እዚህ ረስተሽ! ዘጠኝ ወር ሙሉ ክዳኗን መስኮት ላይ አስቀምጬ እያየኋት ነው የምጽናናው። አስማረ «ከድስት ሁሉ መርጣ የወሰደችው ደህና ድስት ስለሆነች ነው» ይላል። ምቀኛ ነው።

እና እላለሁ፣ ገናን እዚሁ ዋሉ። ነይ። እፄንም ናፍቄያታለሁ። የእህትሽ ባል «አሁንም ሆዷን ይቆርጣታል፣ ምግብም እምቢ ትላለች» አለኝ። እዚህ እያለች ጥሬ ማንጎ ነው ብዬ አንቺን እቆጣ ነበር፤ አብደራፊ ደግሞ ማንጎው ከየት መጣ? እህትሽን በርበሬ ቀንሺ በያት።

ኅዳር 13

ደብዳቤው እዚህ ላይ አልቆ ነበር። የወንድዬ አይሱዙ ሞተሩ ተበላሽቶ አራት ቀን ስለቆመ ነው የቀጠልኩት። እግዜር ይስጠው፣ እንኳንም ተበላሸ። ከላይ የጻፍኩትን አልቀደድኩትም፤ ምን ዓይነት ጅል እንደሆንኩ ማስረጃው በእጅሽ ይሁን።

ትናንት ኢኽላስ ሽጉጥ የመሰለ ነገር ይዛ መጣች። ሽጉጥ አይደለም፤ ዕቃ ላይ ሲያነጣጥሩት ውስጡ ምን ብረት እንዳለ በቁጥር የሚናገር መሣሪያ ነው። እትዬ አሰበች ግን በአጥር ቀዳዳ አይተው «ኧረ በማርያም፣ ገደለችው!» ብለው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ወደ ግቢዬ ገቡ። ለማዳን ነው የመጡት፣ እጃቸውን ግን ለምን እንዳነሱ እስካሁን አልገባኝም።

ኢኽላስ የምለብሰውን ሸሚዝ ተኮሰችው፣ እርሳስ። ትራሴን፣ እርሳስ። የጓሮውን አፈር፣ እፄ ተቀምጣ የአፈር ቂጣ ስትጋግርበት የነበረውን፣ እዚያ ላይ ስታነጣጥር መሣሪያው ያወጣውን ቁጥር ሁለቴ አየችው፣ ከዚያ ጻፈችው። እኔም መሳቄን ተውኩ። እርሳስ ሳቀልጥ ጢሱ ወዴት ይሄዳል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም።

እትዬ አሰበች ሲያዩ ቆይተው «እስቲ የኔንም ቤት አንድ ጊዜ ተኩሺልኝ» አሏት። ሄድን። ሁሉ ነገር ንጹሕ ሆኖ ምድጃው ላይ ያለችው ብረት ድስት ላይ ስትደርስ መሣሪያው ጉድ አፈላ። ትዝ ይልሻል? የዛሬ ሦስት ዓመት ያረጀ ፒስተንና የራዲያተር ቁርጥራጭ ሰብስቤ አሥራ ሁለት ድስት ያፈሰስኩ ጊዜ ለየቤቱ ሳድል አንዷን ለእሳቸው ሰጥቼ ነበር። የምታዩት ጠንካራ ድስት ነው ብዬ ሰፈሩን ያስጨበጨብኩበት። ኢኽላስ «በምን አቀለጥከው?» አለችኝ። በባትሪ ማቅለጫዬ ነዋ! ሙልጭ አድርጌ ጠርጌዋለሁ አልኳት። «እርሳስ በመጥረግ አይለቅም» ብላ በእጇ አፏን ያዘች።

እትዬ አሰበች ድስቷን ከነሽሮዋ አምጥተው ግቢዬ መሐል ወረወሯት። «ቢሆነኝ፣ ስትመርቀን ነው ያልነው፣ ለካ ስትቀብረን ነው!» አሉኝ። እሳቸው ጮኹ ማለት ደግሞ መለከት ተነፋ ማለት ነው። እስከ ማታ ድረስ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ድስቱን ተሸክሞ መጣ። አንዷ ምንም ሳትናገር አስቀምጣ ሄደች፤ ከስድቡ ሁሉ እሷ በለጠችብኝ። አስማረ ሊያሾፍብኝ መጥቶ ነበር፤ የራሱንም ሚስት ድስት ይዛ ስትገባ አየና ቁጭ ብሎ ከእኔ ጋር ይቆጥር ጀመር። ልጆቻቸው ሁሉ በየተራ ሊመረመሩ ነው። አሥራ አንድ ድስት ተደርድሯል።

አስራ ሁለተኛዋ አንቺ ጋ ናት።

አይናዲስ፣ አሁን ቀልድ የለም። ያችን ድስት ዛሬውኑ ከምድጃ አውርጂ። ይህን ቃል እንዳነበብሽ፣ ውስጧ ወጥ ቢኖር እንኳ ድፊው። ለሰው አትስጪያት፣ እህልም አትያዥባት፣ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይሠራባት ቂጧን በምስማር ብሺልኝና ወንድዬ ይመልስልኝ። የአንቺዋ ደግሞ ከሁሉም የባሰች ናት። ለሚስቴማ ቀላል ድስት አልሰጥም ብዬ እርሳስ ያለበትን የራዲያተር ብየዳ ከሌሎቹ የበለጠ የጨመርኩት እሷ ላይ ነው። ኩራቴን ነው የጨመርኩባት። ወጥሽን ነው ስወቅስ የኖርኩት፤ ወተቴንም ታፈይልኝ የነበረው በእሷው ነው። እውነትሽን ነበር፣ ብረቱ የእኔ ነው።

እፄ ማንጎ አልበላችም። በርበሬም አልበዛባትም። ሆዷን የቆረጣት አባቷ ነው። ይህን በመርዙ አላመካኝም፤ ይሄኛው የእኔው ነው።

የእነ ኢኽላስ ሰዎች ኅዳር 20 አብደራፊ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። ስሟን አስመዝግቤያለሁ፣ ያንቺንም። ደም ይወስዱላችኋል። ብታለቅስ ክንዷን ያዥላት፣ ግን አትመልሻት። ኢኽላስ ቶሎ ከታወቀና ከምንጩ ከራቀች ይወርዳል ብላኛለች፤ ወተትና ጎመን ስጫት፣ ወተቱ መርዝ ባያጥብም ለአጥንቷ ይሆናል ብላለች።

ከላይ «ለገና ነይ» ያልኩትን ሰርዤዋለሁ። አትምጪ። ቤቱ ለልጅ አይሆንም። አፈሩን አንድ ክንድ ያህል ቆፍሬ እያወጣሁ ነው፤ አስማረ ዳማውን ትቶ እያገዘኝ ነው፣ ይህን ስትሰሚ እንደማታምኚ አውቃለሁ። እርሳስ ማቅለጥ አቁሜያለሁ። ባትሪ ቻርጅ ብቻ አደርጋለሁ፣ እሱንም ከቤት ርቄ ገበያው ዳር። ሰው «ቢሆነኝ ጋ ውሰደው» ማለቱን ይተዋል፤ ይሁን። መሣሪያው ግቢውን ተኩሶ ዝም ሲል ያን ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ናፍቀሽኛል። በማስረጃ የተረጋገጠ ባይሆንም እውነት ነው።

የእፄን ቁጥር እንደ ነገሩሽ ላኪልኝ። እኔ በትምህርት ቤት ጎበዝ ትሁንልኝ እያልኩ የምሳል አባት፣ በዚህ ፈተና ግን ዜሮ ታምጣልኝ ብዬ ለማርያም ተስዬአለሁ።

እመቤቴ አንቺንም እሷንም በክንፏ ታቅፋችሁ ትኑር። እህትሽንና ባሏን ስለ ያዙልኝ አመስግኚልኝ። እናትሽንም ሰላም በያቸው፤ ስለ አነጋገራቸው ያልኩትን ራሴ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

ባልሽ (እስካሁን)
ቢሆነኝ

ያልጻፍኩት ቀረ፦ ወንድዬ አዲስ ድስት ይዞልሻል። ኢኽላስን ገበያ ወስጄ ዘጠኝ ድስት አስተኩሻለሁ፤ ባለሱቁ ፖሊስ ሊጠራ ነበር። ዘጠነኛዋ ንጹሕ ሆነች። ክዳን የላትም ብለሽ እንዳትቆጪ። ያችን የድሮዋን ክዳን አስተኮስኳት፣ ከገበያ የገዛኋት ስለሆነች ምንም የለባትም። አዲሷ ድስት ላይም ሞክሬያታለሁ፣ ልክ ናት። አልላክኋትም፤ መስኮቱ ላይ አለች።